ድጎማ፣ መዋጮና ፊርማ፦ የአካባቢ መገልገያዎች ገንዘብ ታሪክ በኢትዮጵያ



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ለታሪክ ትምህርት ክፍል እንግዳ ሊመስል ይችላል። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር ሜዳ የለመድን ሰዎች ስለ ምንጭ ማጎልበቻ ሲሚንቶና ስለ ትምህርት ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ስንነጋገር የሚገርመው አይጠፋም። ይሁን እንጂ አብዛኛው ሕዝባችን ከመንግሥቱ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው በውኃ ቦኖው፣ በጤና ኬላውና በመማሪያ ክፍሉ ነው። እነዚህ በምን ገንዘብ ተሠሩ? ገንዘቡስ በማን ፊርማ ወጣ? በእኔ እይታ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል። የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ግን እምብዛም አልጠየቁትም።

«ድጎማ» የሚለውን ቃል እንመልከት። ደጎመ ማለት የጎደለውን ሞላ፣ ደገፈ ማለት ነው። ስለዚህ ድጎማ ከመምጣቱ በፊት ተደጓሚው የጀመረው ነገር አለ ማለት ነው። በመንግሥት ሰነዶቻችን ውስጥ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ መንግሥት ሠሪ፣ ሕዝቡ «ተሳታፊ» ሆኖ ይቀርባል። በራሱ ቀዬ፣ በራሱ ድንጋይ፣ ለራሱ ልጆች የሚሠራ ሰው ተሳታፊ ተብሎ መጠራቱ ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ከጦርነቱ በኋላ ከወጡት ሕጎች ለጉዳያችን ቀዳሚው የትምህርት ግብር አዋጅ ቁጥር 94/1940 ነው። ግብሩ በገጠር መሬት ላይ የተጣለ ሲሆን ዓላማው በየጠቅላይ ግዛቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ማስፋፋት ነበር። በሐሳብ ደረጃ ገበሬው የከፈለው ገንዘብ ተመልሶ ለልጁ ትምህርት ይውላል። በተግባር ግን ትምህርት ቤቶቹ በአመዛኙ በከተሞችና በአውራ ጎዳና ዳር ተተከሉ፤ ግብሩን የከፈለው ገበሬ ልጅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ርቆ ይኖር ነበር። ይህን ክፍተት ለመድፈን ታስቦ ይመስላል ትእዛዝ ቁጥር 43/1958 የአውራጃ ራስ ገዝ አስተዳደርን ያቋቋመው። ትእዛዙ ግን በተመረጡ ጥቂት አውራጃዎች ተወሰነ፤ የራሱ ገቢ እንዲኖረው የሚያስችለውንም ሕግ ከፓርላማው ሳያገኝ ቀረ። ገንዘብ የሌለው ምክር ቤት ምን ሊወስን ይችላል?

በዚያው በ1950ዎቹ ሌላ መንገድ የተከተሉ ነበሩ። አዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች ማኅበር መሥርተው፣ ከነጋዴውም ከቀን ሠራተኛውም ገንዘብ አሰባስበው፣ ከአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ጋር በመተባበር ወደ ትውልድ ቀያቸው መንገድ አስቆፈሩ። የዓለም ገና–ወላሞ መንገድ ሥራ ማኅበርም የዚሁ ዘመን ውጤት ነው። በእነዚህ ማኅበራት ዘንድ «ድጎማ» የሚለው ቃል ትክክለኛ ትርጉሙን አገኘ፤ ሕዝቡ ጀመረ፣ መንግሥት ጨመረ። የማኅበራቱ ሥራ በተገቢው መንገድ ይወደሳል፤ እኔም አወድሰዋለሁ። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ የሚቆረቁር ነገር አለ። «መጀመሪያ አዋጡ፣ ከዚያ እንጨምርላችኋለን» የሚለው መርሕ የሚያዋጣ ላለው ይጨምራል። መርካቶ ውስጥ ሱቅ ያላቸው ልጆች ያሉት መንደር መንገድ ያገኛል፤ ልጆቹ ሁሉ በሬ ጠማጅ የሆኑበት መንደር ግን ማመልከቻውን እንደያዘ ይቀራል። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በስዊድን እርዳታ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ይሠራ በነበረው ፕሮግራምም የአካባቢው ሕዝብ ከወጪው ድርሻውን እንዲያዋጣ ይጠበቅ ነበር። ተጠቃሚ ያልሆኑትን መንደሮች ታሪክ ማን ይጽፋል? ያላገኘ ሰው ሐውልት አያቆምም፤ ሰሌዳም አይሰቅል።

ስለ አብዮቱ ዘመን ረዘም አድርጌ መናገር አልሻም፤ አንዱን ነጥብ ብቻ ላንሳ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌዎች ተሰጡ። ቀበሌዎቹም ኪራዩን ሰብስበው ለአካባቢ ሥራ እንዲያውሉት ተፈቀደ። ከሁሉም በታች ያለው የአስተዳደር እርከን በእጁ የሚገባ ቋሚ ገቢ አገኘ ማለት ነው። ይህ ታላቅ ነገር ነበር። ሆኖም ኪራዩ በዚያው አዋጅ ዘመን ተቀንሶ ስለነበር ገንዘቡ ቤቶቹን ለማደስ እንኳ አልበቃም። በገጠር በኩል አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገበሬ ማኅበራት ከመንግሥት ጋር በመተባበር ትምህርት ቤትና ክሊኒክ እንዲሠሩ ኃላፊነት ሰጣቸው፤ ግን መዋጮው ዓመት በዓመት የግዳጅ መልክ እየያዘ ሄደ። ዛሬም በገጠር ሽማግሌዎች አንደበት «መዋጮ» የሚለው ቃል የሚኮሰኩሰው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ከ1983 በኋላ ሁለት ጅረቶች ጎን ለጎን ፈሰሱ። በ1988 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ማኅበራዊ ተሐድሶና ልማት ፈንድ ማኅበረሰቡ ከወጪው የተወሰነውን እጅ እንዲሸፍን እየጠየቀ ትምህርት ቤቶችን፣ ክሊኒኮችንና የውኃ ተቋማትን ሠራ። ሁለተኛው ጅረት በ1994 በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች የተጀመረው የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር ነው። ከ1995 የበጀት ዓመት አንሥቶ ወረዳዎች ጥቅል ድጎማ ያገኙ ጀመር፤ በጀቱንም የወረዳው ምክር ቤት ያጸድቃል። ይህ በኢትዮጵያ የአስተዳደር ታሪክ ትልቅ እርምጃ ነው። ግን የጥቅል ድጎማው አብዛኛው ክፍል ለመምህራን፣ ለጤናና ለግብርና ሠራተኞች ደመወዝ ሲውል፣ ለአጥር፣ ለመማሪያ ክፍልና ለመጸዳጃ ቤት የሚተርፈው ጥቂት ሆነ። በመሆኑም ግንባታው ተመልሶ በመዋጮ ላይ ወደቀ። ምክር ቤቱ በጀት አጽዳቂ፣ ሕዝቡ ደግሞ ገንቢ ሆኖ ቀረ። ከ1997 ምርጫ በኋላ ለጋሾች ቀጥተኛ የበጀት ድጋፋቸውን አቋርጠው በ1998 በመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ሲተኩት፣ የወረዳ በጀት በአደባባይ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ጀመረ። ሰሌዳው ፊት ቆሞ ማንበብ መልካም ነው፤ ማንበብና መፈረም ግን አንድ አይደሉም።

ፊርማውን ወደ መንደር ያወረደ ሙከራ አለ፤ ለእኔ የዚህ ታሪክ ልብ እርሱ ነው። በኢትዮጵያና በፊንላንድ መንግሥታት ትብብር እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በአማራ ክልል የገጠር ውኃ አቅርቦትና አካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ይካሄድ ነበር። መጀመሪያ ላይ አሠራሩ እንደ ሌላው ሁሉ ነበር፦ መሥሪያ ቤቱ ይገዛል፣ መሥሪያ ቤቱ ያሠራል፣ ሕዝቡ ይረከባል። እ.ኤ.አ. በ2003 ግን አሠራሩ ተለወጠ። መንደሩ የውኃ ኮሚቴ ይመርጣል፤ ለወረዳው ማመልከቻ ያቀርባል፤ ማመልከቻው ሲጸድቅ የግንባታው ገንዘብ በዚያን ጊዜ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በአጭሩ በአብቁተ በኩል ለኮሚቴው ይከፈል ነበር። ግንበኛውን የሚቀጥረው፣ ሲሚንቶውን የሚገዛው፣ ሒሳቡንም የሚያወራርደው ኮሚቴው ነው። የወረዳው ባለሙያ ይመክራል፣ ይቆጣጠራል፤ ገንዘቡን ግን አይዝም። ማኅበረሰቡ የድርሻውን በገንዘብ፣ በጉልበትና በቁሳቁስ ያዋጣል፤ ለጥገና የሚሆነውንም ይቆጥባል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ይኸው አሠራር ወደ ሌሎች ክልሎችም ተስፋፍቷል።

በመጀመሪያ ጊዜ ብዙዎች የጠየቁት ጥያቄ «ማንበብ የማይችል ገበሬ ይህን ያህል ገንዘብ እንዴት ይታመናል?» የሚል ነበር። ጥያቄው ቅን ሊሆን ይችላል፤ ግን ዕቁብና ዕድር ለዘመናት በሰው ገንዘብ ሲታመኑ የኖሩበት አገር ውስጥ መጠየቁ ያስደንቃል። የዕድር ዳኛ ያጎደለውን ገንዘብ ጎረቤቶቹ በቀብር ቀን ያስታውሱታል፤ ከዚህ የሚበረታ ኦዲተር አላውቅም። በእርግጥ ኮሚቴ ሁሉ ጻድቅ አይደለም፤ ባለጸጋው ጎረቤት ጉድጓዱን ወደ ደጁ የሚስብበት ጊዜም አለ። ልዩነቱ ጥፋቱ በመንደሩ ዓይን ሥር መፈጸሙ ነው፤ ስለዚህም ይጠየቅበታል።

ከዚህ አሠራርም ውስጥ ያልተፈታ የሒሳብ ጥያቄ አለ። በገንዘብ የተዋጣው በደረሰኝ ይመዘገባል። ድንጋይ የተሸከመው ገበሬ የሥራ ቀን በባለሙያው ተመን ወደ ብር ይለወጣል። ግንበኛው ለሚያቦካው ሲሚንቶ ከሩቅ ወንዝ ውኃ የቀዳችው፣ ለሠራተኛው እንጀራ የጋገረችውና ጠላ የጠመቀችው ሴትስ? የእርሷ ድርሻ ብዙውን ጊዜ በየትኛውም ዓምድ አይገባም። የማኅበረሰብ መዋጮ ይህን ያህል እጅ ነው ሲባል ስሰማ፣ እውነተኛው ከዚያ እንደሚበልጥ አልጠራጠርም።

ለተማሪዎቼ የማቀርበው ጥሪ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የድጎማ ታሪክ ሰነድ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ብቻ አይገኝም። የውኃ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤዎች፣ የወላጅና መምህራን ኅብረት የሒሳብ ደብተሮች፣ የመዋጮ ስም ዝርዝሮች በየሊቀ መንበሩ ቤት በሣጥን ውስጥ ናቸው። ሊቀ መንበሩ ሲያርፍ ደብተሩ ለጉልቻ ሥር ማቀጣጠያ ይሆናል። በዘንድሮው የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስትመርጡ በትውልድ ቀበሌያችሁ ከሚገኝ አንድ ምንጭ ወይም አንድ ትምህርት ቤት ጀምሩ፤ ደብተሩን አስፈቅዳችሁ ፎቶ አንሡ፤ ከዚያ በስም ዝርዝሩ ውስጥ የሌሉትን ሴቶች ፈልጋችሁ ጠይቁ።