በባሮ ወንዝ የጀልባ ኑሮ

በባሮ ወንዝ የጀልባ ኑሮ የሚባለው፣ ከ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ አንሥቶ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በካርቱምና በጋምቤላ መካከል ይመላለሱ በነበሩት የእንፋሎት ጀልባዎች ላይ መርከበኞች፣ ነጋዴዎችና መንገደኞች ያሳለፉት ሕይወት ነው። ከኢትዮጵያ ወንዞች ለመደበኛ የመርከብ ጉዞ የዋለው ባሮ ብቻ ነው። ጎሬ፣ ቡሬ፣ መቱና ሌሎቹ የኢሉባቦር ከተሞች ከባሕር ማዶ ገበያ ጋር የተገናኙትም በዚሁ ወንዝ በኩል ነበር።

ባሮ የገባና የቢርቢር ወንዞች ሲገናኙ ይፈጠራል። በመቱ አጠገብ አልፎ ከታወቀው ፏፏቴው የሚወረወረው ሶር ገባን ስለሚቀላቀል፣ የመቱ ዝናብ መጨረሻው ባሮ ነው። ወንዙ ከደጋው ወርዶ ጋምቤላ ሲደርስ ሜዳ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይሆንና ማላካል አቅራቢያ ነጭ ዓባይ ይገባል። ይህ መገናኛ ሱድ ከተባለው ሰፊ ረግረግ በታች መሆኑ ለጀልባዎቹ ትልቅ ዕድል ነበር። ወደ ጋምቤላ የሚወጣ ጀልባ የላይኛውን ነጭ ዓባይ መንገድ ይዘጋ የነበረውን ተንሳፋፊ ሣርና ደንገል ሳይነካ ያልፋል።

መንገዱ ከንግድ በፊት የፖለቲካ መንገድ ነበር። በ1890 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የኢሉባቦሩ ገዥ ደጃዝማች ተሰማ ናደው የመሩት ጦር የባሮንና የሶባትን ዳርቻ ይዞ ነጭ ዓባይ ድረስ ዘለቀ። በ1891 ዓ.ም. ደግሞ ነጭ ዓባይ ዳር ካለችው ፋሾዳ እንዲወጣ የታዘዘው ፈረንሳዊው ሻለቃ ማርሻን ፌዴርብ በተባለች የእንፋሎት ጀልባ በሶባትና በባሮ ሽቅብ መጣ። ጊዜው በጋ ነበርና ውሃው ጎድሎ ጀልባዋ መቀጠል አልቻለችም። ማርሻን ወንዙ ላይ ትቷት በጎሬ አድርጎ በእግር አዲስ አበባ፣ ከዚያም ጅቡቲ ደረሰ። በኋላ በባሮ የተጓዘ ሁሉ የሚገጥመው ፈተና በዚህች ጀልባ ላይ አስቀድሞ ታይቶ ነበር።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ የሱዳን መንግሥት ባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ እንዲከራይ ተፈቀደለት። የወንዝ ዳርቻው ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። የተመረጠችው ጋምቤላ ናት፤ ወደቡም እ.ኤ.አ. በ1907 ሥራ ጀመረ።

ጀልባዎቹ ሆዳቸው ዝርግ፣ መቅዘፊያ መዘውራቸው ከኋላ የተተከለ፣ ጭነት የሞሉ ተጎታች ጀልባዎችን ከጎናቸው አስረው የሚሄዱ ነበሩ። ሸራ ለዚህ መንገድ እምብዛም አይረዳም ነበር። ውሃው ጀልባ የሚሸከመው በክረምት ነው፤ በክረምት ግን ነጭ ዓባይ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ በአብዛኛው ከደቡብ ስለሚመጣ፣ ከካርቱም የሚነሣ ባለሸራ ነፋሱንም ወራጁንም ፊት ለፊት መጋፈጥ ይኖርበታል። እንፋሎትም ቢሆን ወራጁ ይከብደው ነበር። ቁልቁል 7 ቀን የሚፈጀው ጉዞ ሽቅብ ሲሆን 11 ቀን ይወስድ ነበር።

ለተጓዡ የዚህ ኑሮ ደስታ እውነተኛ ነበር። ከጎሬ እስከ ጋምቤላ በጭቃና በገደል ለወረደ ሰው፣ ቁጭ ባለበት አገር ሲያልፍለት ማየት በራሱ ዕረፍት ነው። ዳርቻው ላይ የአኙዋክና የኑዌር መንደሮች ይታያሉ፤ አኙዋኮች ከአንድ ግንድ በፈለፈሉት ታንኳ ላይ ቆመው በረጅም እንጨት እየገፉ ያልፋሉ። ጉማሬው፣ አዞው፣ ሣር ለሣር የሚፈስሰው የቆርኬ መንጋና የወፉ ብዛት ደገኛው አገሩ ላይ የማያውቀው ዓለም ነው። ዓሣ አይታጣም። ሽቅብ ለሚመጣው ደግሞ ከብዙ ቀን ሜዳ በኋላ የኢሉባቦር ተራሮች በምሥራቅ ብቅ ሲሉ የሚሰማው ደስታ ሌላ ነው።

መከራው ግን ከዚያው ውሃ ይመጣል። ወንዙ ሲሞላ ሜዳው ሁሉ ረግረግ ስለሚሆን ትንኙ ያይላል፤ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ያለ አጎበር መቀመጥ ወባን መጥራት ነው። የሚጠጣው ውሃ ጭቃ የለበሰ ስለሆነ ማጥለልና ማፍላት ይጠይቃል። ምድጃው የሚነደው በእንጨት በመሆኑ ጀልባው በየጊዜው ዳር ይዞ ማገዶ ይጭናል፤ ጭሱና ሙቀቱም በጠባቡ ቦታ ላይ ይታፈናል። አሸዋው በየዓመቱ ቦታውን ስለሚለውጥ የአምናው መንገድ ለዘንድሮ አያስተማምንም። ከሁሉ የሚከፋው መዘግየት ነው። ውሃው ጥቅምት ላይ መጉደል ሲጀምር ያልወጣ ጀልባ እስከሚቀጥለው ክረምት አሸዋ ላይ ሊቀር ይችላል። በባሕር ላይ በትንሽ ሸራ ጀልባ የሚኖሩ ሰዎች ነፋስ ሲጠብቁ ይሰለቻሉ፤ የባሮ መርከበኛ የሚጠብቀው ግን የደጋውን ዝናብ ነው፤ ጥበቃውም በወራት ይቆጠራል።

የኢሉባቦር ከተሞችን ንግድ የቀረጸው ይኸው ወቅት ነው። ቡና የሚለቀመው ከክረምት በኋላ ነው፤ የበቅሎ መንገዱም የሚደርቀው ያኔ ነው፤ ወንዙ ግን በዚያው ጊዜ ይዘጋል። ስለዚህ ሲራራ ነጋዴው ቡናውን፣ ሰሙንና ቆዳውን በበጋ ከጎሬ በቡሬ በኩል ያወርዳል፤ ዕቃው ጋምቤላ መጋዘን ገብቶ ጀልባ ይጠብቃል። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል፣ ጋምቤላ ደግሞ 500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ ቁልቁለቱ ለአጋሰስ ከባድ ነው። ቆላው ላይ ያለው የገንዲ በሽታም ከብቱን ስለሚፈጅ ጭነቱ በሰው ትከሻ የሚወርድበት ጊዜ ነበር። በመልሱ ጨውና አቡጀዲ ይወጣል። በዚህ ንግድ ጎሬ የውጭ አገር ነጋዴዎች የሰፈሩባት፣ የእንግሊዝ ቆንስላ የተከፈተባት ከተማ ሆነች። ስለ ባሮ ንግድ ሲጻፍ ጀልባው ጎልቶ ይወጣል፤ ከሸክሙ ግን የከበደው በሲራራውና በተሸካሚው ላይ ያረፈው ነው።

ጋምቤላን በወረራው ዘመን የያዙት ጣልያኖች መጋቢት 1933 ዓ.ም. ተባረሩና የጀልባው ንግድ ቀጠለ። ሱዳን ነፃ ስትወጣ የኪራዩ ውል አበቃ፤ ጋምቤላም ጥቅምት 1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ወንዙን አስጊ አደረገው። የኢሉባቦር ቡናም በመኪና ወደ ጅማና አዲስ አበባ መሄድ ጀመረ። ያ መንገድ የሚያልፍባት መቱ እያደገች በደርግ ዘመን የክፍለ ሀገሩን ዋና ከተማነት ከጎሬ ተረከበች።