የጠፋው ውሃ ወዴት ሄደ?

ስሙማ የአገሬ ሰዎች፣ የአንድ አይሱዙ ኤፍ ኤስ አር ነገር ላጫውታችሁ። ለሹፌሩ ስም አላወጣለትም፤ በዚያ መንገድ እሱን የመሰለ ስንቱን ታውቃላችሁና ከመካከላቸው አንዱን አስቡ።

መኪናው ከግምጃ ቤት ድንች ይጭናል። እንጅባራ ላይ ዋናውን መንገድ ይይዝና ቡሬን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ደብረ ማርቆስን አልፎ ደጀን ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ዓባይ በረሃ ነው። ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ግን መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀውን የህዳሴ ድልድይ ይሻገራል፤ የወረደውን ያህል ደግሞ መልሶ ይወጣል። ሹፌር ሁሉ የሚፈራው ዳገቱን ነው፤ ሞተር የሚፈላው እዚያ ነዋ!

ታዲያ ይህ ኤፍ ኤስ አር ውሃ መጠጣት ጀመረ። ከሥሩ አንዲት ጠብታ አትታይም። ረዳቱ ላዲያተሩን ይሞላል፤ ይሄዳሉ፤ ጎድሎ ያገኙታል፤ ደግሞ ይሞላል። "ውሃ እንደሆን ሞልቷል" እያሉ ከረሙ። ኋላ ሹፌሩ አንድ ጠዋት የላዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ሞተር ቢያስነሳ ውሃው አረፋ እየደፈቀ ወጣ። ያየ ሁሉ ፈረደ፦ "ጓርኒሲዮን በልቷል፤ ቴስታታ ይውረድ!"

ቴስታታ ማውረድ ቀላል ነገር መሰላችሁ? መኪናው ይቆማል፣ ጭነቱ ይበላሻል፣ ገንዘቡ ይሄዳል። ሹፌሩ ልቡ አልቆርጥ አለውና ግምጃ ቤት ወዳሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ነዳው።

ግምጃ ቤት ያለበት አዊ የፈረስ አገር ነው። ፈረሱ የታመመበት ሰው ትንፋሹን ያዳምጣል፣ የሚጥለውን ያያል እንጂ ሆዱን አይቀድም። ሽማግሌውም በሞተሩ ላይ እንደዚያው አደረጉ። ቁልፍ አላነሱም።

በመጀመሪያ የዘይቱን መለኪያ መዘዙ። ውሃ ዘይት ውስጥ ቢገባ ዘይቱ ይነጣል፣ አረፋ ይይዛል፤ ይህ ግን ንጹሕ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በማርሚታው በኩል ነጭ ጭስ ይወጣ እንደሆነ አዩ፤ የለም። ቱቦዎቹን፣ ፋሸታዎቹን፣ የውሃ ፓምፑን ሥር በባትሪ ብርሃን ፈተሹ። በጋለ ሞተር ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ መሬት ሳይደርስ ይደርቃል፤ አመድማ ወይም ቀለም ያለው ቅርፊት ትቶ ነው የሚሄደው። ቅርፊትም የለም። ክዳኑንም አገላብጠው አዩት። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ በክፍት ዕቃ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ ላዲያተር ውስጥ ቶሎ እንዳይፈላ አፍኖ የሚይዘው የክዳኑ ላስቲክና ሞላ ነው። እሱም ደህና ነው።

"ቆሞ ሲያድርስ ይጎድላል?"

"ጥቂት ይጎድላል ጋሼ።"

"አብዝቶ የሚጠጣው የት ነው?"

"ዓባይ በረሃ።"

"ሲወጣ ነው ሲወርድ?"

ሹፌሩ ዝም አለ። ከኋላ ቆሞ የነበረው ረዳት ነው የመለሰው፤ "ደጀን ላይ ሞልተን እንወርዳለን፤ ድልድዩን ተሻግረን ስናየው ጎድሎ እናገኘዋለን።"

ሽማግሌው ሳቁ። "እንግዲያ በቁልቁለት ነዋ! ቁልቁል ስትወርዱ ሞተሩ ያርፋል፣ ነዳጅም ብዙ አያቃጥልም። የሚደክመው ማነው?"

"ፍሬን።"

"የፍሬኑን አየር የሚሞላውስ?"

ኮምፕሬሰሩ ነው። የእሱም ራስ የሚቀዘቅዘው በዚያው በሞተሩ ውሃ ነው። አየሩንና ውሃውን የሚለያቸው አንድ ስስ ጓርኒሲዮን ብቻ ነው።

ሞተሩ በቀዘቀዘበት ክዳኑ ተከፈተ፤ ሞተሩ ተነሳ፤ አረፋው መጣ። ሽማግሌው የአየሩን ጌጅ እያዩ ጠበቁ። አየሩ ሞላ፣ ቫልቩ "ጵስስ!" አለ፣ ኮምፕሬሰሩ ማመቁን ተወ። አረፋውም ቀጥ!

"በል ፍሬኑን ደጋግመህ እርገጥ!" ሹፌሩ ረገጠ። የጌጁ ቀስት ወረደ፣ ኮምፕሬሰሩ ሥራ ጀመረ፣ አረፋውም ተመልሶ መጣ። ደገሙት፤ ያው ነው። "የቴስታታ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ እስከዞረ ድረስ አረፋው ባልቆመ ነበር" አሉ።

ከዚያ በአየር ታንኩ ሥር ያለችው ማስወገጃ ተከፈተች። አየር ታንክ ጥቂት እርጥበት መያዙ ያለ ነው፤ ከዚህ ግን ዝገት የመሰለ ውሃ ተንዠቀዠቀ። ነገሩ ተገጣጠመ። ሹፌሩ በቁልቁለት ፍሬን በያዘ ቁጥር ኮምፕሬሰሩ አየር ወደ ውሃው ይገፋል፤ የተገፋው ውሃ በክዳኑ ማስተንፈሻ ይወጣና ነፋስ ያደርቀዋል። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ የታመቀው ውሃ ተመልሶ ወደ ኮምፕሬሰሩ ይሰርጋል፤ መኪናው ሲነሳ ከአየሩ ጋር ታንክ ይገባል። የኮምፕሬሰሩ ራስ ሲፈታ ጓርኒሲዮኑ ባንድ ወገን ተበልቶ ተገኘ። የሞተሩ ቴስታታ ሳይነካ ቀረ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ! ሰዎቹ የሚፈሩት ሞተሩ እንዳይፈላ ነበር። ውሃው ግን የፍሬኑን ቫልቮች እያዛገ ነበር፤ ያውም በዓባይ ቁልቁለት፣ ድንች በተጫነ መኪና።

እንግዲህ የጭነት መኪና ያላችሁ ሁሉ፣ የጠፋ ውሃ ሁልጊዜ የሄደበት አለው፤ ወይ መሬት ላይ፣ ወይ ዘይት ውስጥ፣ ወይ በጭስ፣ ወይ በክዳን፣ ወይ በአየር ታንክ። የሄደበትን ሳታውቁ አትሙሉ፤ ሞተር እንደጋለ ክዳን አትክፈቱ፤ የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ፣ ቴስታታ ይሰነጥቃል። አረፋ ያያችሁ እንደሆነ ቴስታታ ከማውረዳችሁ በፊት የአየሩን ጌጅ እያያችሁ ፍሬን ርገጡ። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ረዳታችሁን ጠይቁት፤ ውሃውን የት የት እንደሞላ የሚያውቀው እሱ ነው።