የፊደልና የቁጥር ውድድር በቴሌቪዥን፤ ታሪኩና ለትምህርት ያለው ፋይዳ

ቴሌቪዥን ከትምህርት ቤት ጋር ያለው ግንኙነት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው መምህሩ በመስኮቱ ታይቶ የሚያስተምርበት የትምህርት ስርጭት ነው። ነገር ግን ትምህርት ቤት ለሕፃናት የሚያወርሳቸውን ሁለት መሠረታውያን ዕውቀቶች፣ ማለትም ቃልን በፊደል መገንባትንና አራቱን የሒሳብ ስሌቶች፣ ለሕዝብ መዝናኛ አድርጎ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ያቆየ ሌላ ዓይነት ዝግጅት አለ። ይኸውም በፈረንሳይ አገር ተጀምሮ ወደ እንግሊዝ የተሻገረው የፊደልና የቁጥር ውድድር ነው። በዚህ ጽሑፍ የውድድሩ ታሪክ ባጭሩ ይቀርባል፤ በተለይም በችሎታ እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ አሸናፊውን ከተሸናፊው የሚለየው ምን እንደ ሆነ ይመረመራል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ውድድሩን የፈጠሩት ፈረንሳዊው የቴሌቪዥን ዝግጅት አቅራቢ አርማን ዣሞ ናቸው። ሴፕቴምበር 19 ቀን 1965 ለመጀመሪያ ጊዜ ለተመልካች ሲቀርብ ስሙ «ረጅሙ ቃል» የሚል ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ቁጥር የሚባል ነገር አልነበረውም። ሁለት ተወዳዳሪዎች ተቀምጠው፣ በዕጣ ከወጡት ፊደሎች ማን ረጅሙን ቃል እንደሚሠራ ብቻ ይታይ ነበር። የቃሉን ትክክለኛነት የሚዳኙት ማክስ ፋቫሌሊ በሙያቸው ጋዜጠኛና የመስቀለኛ ቃላት አዘጋጅ እንጂ የቋንቋ ፕሮፌሰር አልነበሩም። ይህም ለዝግጅቱ መወደድ ሳይጠቅም አልቀረም፤ ሕዝቡ ዳኛውን እንደ ፈታኝ ሳይሆን ቃል እንደሚወድ ጎረቤት ይመለከተው ዘንድ አስችሏልና።

በጃንዋሪ 1972 ግን ዝግጅቱ ስሙንም ይዘቱንም ለውጦ «ቁጥሮችና ፊደሎች» ተባለ። ስድስት ቁጥሮች በዕጣ ይወጣሉ፤ አንድ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥርም በግብነት ይሰጣል፤ ተወዳዳሪዎቹም በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛትና በማካፈል ወደዚያ ግብ ለመድረስ ይጥራሉ። ጭማሪው ከውጭ ሲያዩት ትንሽ ቢመስልም የውድድሩን ጠባይ ፈጽሞ የለወጠ ነበር። ቃል ብቻ በነበረበት ጊዜ የሚያሸንፈው ብዙ ያነበበ ሰው ነው፤ ብዙ ያነበበ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ያለውና የመማር ዕድል ያገኘ ነው። ቁጥሩ ሲጨመር ገና ብዙ ያላነበበ፣ ነገር ግን ስሌት የሚቀናው ወጣት ከአንጋፋው ጋር እኩል ለመቆም ቻለ። በ1975 የቁጥሩን ዳኝነት የያዙትና እስከ 2022 በዚያው ሥራ የቆዩት በርትራን ሬናር ራሳቸው ቀድሞ የዚሁ ውድድር ተሳታፊ ነበሩ።

ይህ ዝግጅት ወደ እንግሊዝ አገር የተሻገረው በማርሴል ስቴልማን አማካይነት ነው። እኒህ ሰው የቤልጅግ ተወላጅና በሙዚቃ ሸክላ ሥራ የሚተዳደሩ ሲሆኑ፣ ዝግጅቱን በፈረንሳይኛ ተመልክተው ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን እንዲሆን ሐሳቡን አቀረቡ። በሊድስ ከተማ የሚገኘው ዮርክሻየር ቴሌቪዥን በ1982 ጸደይ በክፍለ ሀገሩ ብቻ የታዩ ስምንት የሙከራ ዝግጅቶችን አዘጋጀ። በዚያው ዓመት፣ ኖቬምበር 2 ቀን፣ ቻነል ፎር የተባለው አዲስ ጣቢያ ሥራውን ሲጀምር ከሁሉ አስቀድሞ ለሕዝብ ያቀረበው «ካውንትዳውን» የተባለውን ይህንኑ ውድድር ነበር። የስሙም ትርጉም ወደ ኋላ መቁጠር ማለት ነው።

መሪው እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ ጁን 2005፣ በቦታው የቆዩት ሪቻርድ ዋይትሊ ነበሩ። የቁጥሩን ክፍል የያዙት ካሮል ቮርደርማን ደግሞ ያን ጊዜ የ21 ዓመት ወጣትና ከኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በምህንድስና የተመረቁ ነበሩ። የሥራውን ማስታወቂያ በጋዜጣ አይተው ማመልከቻውን የላኩላቸው እናታቸው ናቸው። የዲግሪያቸው ማዕርግ ሦስተኛ ደረጃ እንደ ነበር ራሳቸው ተናግረዋል። ሆኖም ለ26 ዓመታት የአንድ አገር ሕዝብ የቃል ሒሳብን ከእርሳቸው ሰሌዳ ላይ ተከታትሏል። የፈተና ማዕርግ ሁሉን እንደማይለካ ለሚያውቅ መምህር ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

የእንግሊዙ ውድድር ሥርዐት እንዲህ ነው። ተወዳዳሪው አናባቢ ወይም ተነባቢ እያለ ዘጠኝ ፊደሎች ያስመርጣል፤ ከእነርሱም ውስጥ ቢያንስ ሦስት አናባቢና አራት ተነባቢ መኖር አለበት። ሠላሳ ሴኮንድ ይሰጣል። ስምንት ፊደል ያለው ቃል ያገኘ ስምንት ነጥብ ያገኛል፤ ዘጠኙንም ፊደሎች የተጠቀመ ግን ነጥቡ እጥፍ ሆኖ 18 ይሆናል። ነጥቡ የሚሰጠው ረጅሙን ቃል ላቀረበው ብቻ ነው፤ እኩል ከሆኑ ሁለቱም ያገኛሉ። በቁጥሩ ዙር ግቡን በትክክል የመታ 10 ነጥብ፣ እስከ አምስት ድረስ የተጠጋ 7፣ እስከ ዐሥር ድረስ የተጠጋ 5 ያገኛል፤ እዚህም ቢሆን ነጥቡ ይበልጥ ለተጠጋው ብቻ ነው። በመጨረሻው ዙር ፊደሎቹ የተዘበራረቁበት አንድ ባለ ዘጠኝ ፊደል ቃል ይቀርባል፤ ደወሉን ቀድሞ ተጭኖ ቃሉን የተናገረ 10 ነጥብ ይወስዳል።

ከዚህ ሥርዐት የሚነሣ አንድ ነገር አለ። ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ጠንካሮች ሲሆኑ አብዛኛውን ዙር አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ፤ ነጥባቸውም ጎን ለጎን ያድጋል። ከመጨረሻው ዙር በፊት አንዱ 47፣ ሌላው 39 ነጥብ ይዘዋል እንበል። ልዩነቱ ስምንት ነው፤ ስለዚህ ተከታዩ የተዘበራረቀውን ቃል ከፈታ 49 ሆኖ ያሸንፋል። ልዩነቱ ልክ ዐሥር ቢሆን ኖሮ እኩል ስለሚሆኑ ሌላ የተዘበራረቀ ቃል ይቀርብላቸው ነበር። መሪው ቸኩሎ ደወሉን ቢጫንና ቢሳሳት ደግሞ የቀረው ጊዜ በሙሉ ለተቃዋሚው ይተላለፋል። ስለዚህ በዚያች ቅጽበት የሚፈተነው የቃል ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ የሚያውቀውንና የሚያውቅ የሚመስለውን ለይቶ የማወቅ ችሎታም ጭምር ነው። በተራ የጽሑፍ ፈተና ይህ ችሎታ እምብዛም አይለካም፤ ተማሪው ባዶ ከመተው መገመት ይሻለዋልና።

የቁጥሩ ክፍል ከሌላው ሁሉ ይልቅ ለመምህራን የሚጠቅም ነው። በሳጥኑ ውስጥ 24 ቁጥሮች አሉ፤ ከ1 እስከ 10 ያሉት እያንዳንዳቸው ሁለት ጊዜ፣ ትልልቆቹ 25፣ 50፣ 75ና 100 አንድ አንድ ጊዜ ይገኛሉ። ከእነዚህ ስድስት ስድስት እየተደረገ ሊወጣ የሚችለው የተለያየ ስብስብ 13,243 ነው። ከዚህም ውስጥ አራቱም ትልልቅ ቁጥሮች የሚገኙበት 55 ብቻ ነው። በ1997 የቀረበውና እስከ ዛሬ የሚታወሰው ዙር ከእነዚህ ከ55ቱ አንዱ ነበር። ቁጥሮቹ 25፣ 50፣ 75፣ 100፣ 3ና 6 ሲሆኑ ግቡ 952 ነበር።

በቃል ስሌት የሠለጠነ ሰው ይህን ሲያይ የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው። 6ና 3 ተደምረው 9፣ በ100 ሲባዛ 900፤ 50 ሲጨመር 950፤ 75 ለ25 ሲካፈል 3፤ ድምሩ 953። ከግቡ በአንድ ብቻ ይርቃል፤ ሰባት ነጥብም ያስገኛል። አንድ ተወዳዳሪ ግን 952ን አገኘሁ አለ። መንገዱንም በቃል ዘረዘረ፤ 100ና 6 ተደምረው 106፣ በ3 ሲባዛ 318፣ በ75 ሲባዛ 23,850፣ ከዚያ ላይ 50 ሲቀነስ 23,800፣ ለ25 ሲካፈል 952።

ይህን የሚሰማ ሰው ተወዳዳሪውን ትልልቅ ቁጥሮችን በአእምሮው እንደ መሣሪያ የሚያባዛ አድርጎ ይገምተው ይሆናል። ስሌቱ በጥሞና ሲመረመር ግን ሌላ ነገር ይታያል። 75 ለ25 ሲካፈል 3 ነው፤ 50 ለ25 ሲካፈል 2 ነው። ስለዚህ ነገሩ በመሠረቱ 318 በ3 ተባዝቶ 954፣ ከዚያ 2 ሲቀነስ 952 ነው፤ ይህን የአራተኛ ክፍል ተማሪም ይሠራዋል። ችግሩ 25ን ሁለት ጊዜ መጠቀም በሥርዐቱ የተከለከለ መሆኑ ነው። መፍትሔው ማካፈሉን ማዘግየት ሆነ፤ አስቀድሞ በ75 ማባዛት፣ 50ን መቀነስ፣ በመጨረሻ ሁሉንም ባንድነት ለ25 ማካፈል። ይህም በትምህርት ቤት «የማሠራጨት ሕግ» ተብሎ በፊደል ምልክት ተጽፎ የሚጠናው፣ ብዙው ተማሪም ለፈተና ብቻ የሚሸመድደው ሕግ ነው። በዚያች ሠላሳ ሴኮንድ ዋጋ የነበረው የማባዛት ፍጥነት ሳይሆን የዚህ ሕግ ትርጉም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። በውድድሩ 953 ያለው ሰው 952 ካለው ጋር ሲገናኝ የሚያገኘው ነጥብ ባዶ ነው። ለመዝናኛ ይህ ተገቢ ነው፤ ለክፍል ግን አይሆንም። 953 የደረሰው ልጅ አምስት ትክክለኛ ስሌቶችን በሥርዐት አከናውኗልና መንገዱ በደብተሩ ሊታይለት ይገባል። ጨዋታውን ወደ ክፍል የሚያስገባ መምህር ሰዓቱን ማስቀረት፣ መንገዱን ደግሞ በሰሌዳ ማስጻፍ ይኖርበታል። ሰዓቱ ከቀረ ጨዋታው ይፈዝዛል የሚሉ ይኖራሉ፤ እውነታቸው ነው፤ ነገር ግን ዘወትር የሚዘገየው ልጅ ከሒሳብ ከሚሸሽ ጨዋታው ቢፈዝዝ ይሻላል።

በቃሉ ክፍል ያለው ክርክር ከዚህ የተለየ ነው። እንግሊዞቹ ዳኛቸው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ነው፤ በውስጡ የሌለ ቃል ነጥብ የለውም፤ የተጸውዖ ስምም አይፈቀድም። ከ1992 ጀምሮ መዝገበ ቃላቱን ይዘው የሚቀመጡት የቃላት ተመራማሪዋ ሱዚ ዴንት ናቸው። ለአሸናፊዎች አሸናፊም ሽልማቱ ቀድሞ ሃያ ቅጽ ያለው ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት የነበረ መሆኑ የዝግጅቱን መንፈስ ያመለክታል። ተወዳዳሪው አጠራጣሪ የሆነ ስምንት ፊደል ቃልና እርግጠኛ የሆነ ሰባት ፊደል ቃል ሲያገኝ የትኛውን እንደሚያቀርብ ራሱ መወሰን አለበት፤ ብዙ ውድድሮችም የተሸነፉት ባለማወቅ ሳይሆን በዚህ ምርጫ ነው።

ይኸው ጨዋታ በአማርኛ ይሠራ እንደ ሆነ መምህራን መጠየቃቸው አይቀርም። በላቲን ፊደል አናባቢውና ተነባቢው ተለያይተው ስለሚጻፉ ዕጣ ማውጣት ቀላል ነው። በእኛ ፊደል ግን አናባቢው ከተነባቢው ጋር በአንድ ሆሄ ተዋሕዷል፤ ከ231ዱ ሆሄያት ዘጠኙን በዕጣ ማውጣት አብዛኛውን ጊዜ ቃል የማይወጣበት ክምር ያስገኛል። ጨዋታው እንዲሠራ ከተፈለገ የሚሰጡት ሆሄያት ሳይሆኑ ሥሮቹ መሆን አለባቸው። ስ፣ ብ፣ ር ተብለው ከተሰጡ ተማሪው ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ስብራት፣ ስብርባሪ፣ አሰባበር እያለ ያወጣል፤ እንዲህ ሲሆን ጨዋታው የቃል ብዛትን ብቻ ሳይሆን የእርባታ ሰዋስውን ይፈትናል። የሀ፣ የሐና የኀ ነገር ግን ለዳኛው ራስ ምታት መሆኑ የማይቀር ነው።

የዝግጅቱ ርዝመትም የራሱ ታሪክ አለው። «ካውንትዳውን» በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዘጠኝ ዙሮች ብቻ ነበሩት፤ ስድስቱ የፊደል፣ ሁለቱ የቁጥር፣ አንዱ የተዘበራረቀው ቃል። በዚህ አጭር ውድድር አንድ መጥፎ ዕጣ ወይም አንድ መዘናጋት ጎበዙን ለመጣል ይበቃ ነበር። በ2001 ዙሮቹ ዐሥራ አምስት ሆኑ። በጥያቄ ብዛት የፈተና አስተማማኝነት እንደሚጨምር የትምህርት ምዘና ባለሙያዎች ያውቃሉ፤ እዚህም ውድድሩ ሲረዝም የዕድል ድርሻ ቀንሶ የችሎታ ድርሻ ከፍ ማለት ነበረበት። በ2013 ደግሞ የፊደሉ ዙር ከዐሥራ አንድ ወደ ዐሥር ዝቅ ብሎ የቁጥሩ ከሦስት ወደ አራት ከፍ አለ።

የፈረንሳዩ ውድድር በመጨረሻ ዓመታቱ የዕለት ተዕለት ቦታውን አጥቶ ወደ ሳምንት መጨረሻ ተዛወረ፤ በ2024ም ስርጭቱ ቆመ። በእንግሊዙ በኩል ከ1982 ወዲህ መሪዎቹ ብዙ ጊዜ ተለዋውጠዋል፤ በ2009 የቁጥሩን ሰሌዳ ከቮርደርማን የተረከቡት ሬቸል ራይሊም በኦክስፎርድ ሒሳብ ያጠኑ ናቸው። የዙሮቹ ቁጥር ቢጨምርም መጨረሻው አልተለወጠም፤ ልዩነቱ ዐሥርና ከዚያ በታች ሲሆን በአዳራሹ ያለው መብራት ደብዘዝ ይደረጋል፣ ዘጠኙ የተዘበራረቁ ፊደሎች ይገለጣሉ፣ ሰዓቱም ሠላሳውን ሴኮንድ መቁጠር ይጀምራል።