የጋራ ስም በሂጃዝ፦ ለወንድም ለሴትም የሚሆን የልጅ ስም በጅዳና በመካ ሐበሾች ዘንድ

በሰባተኛው ክፍለ ዘመን መካ ውስጥ ሂንድ የሚባሉ ሁለት ስመ ጥር ሰዎች ነበሩ። አንዷ የአቡ ሱፍያን ሚስት ሂንድ ቢንት ዑትባ ናት። ሌላው ኸዲጃ ከነቢዩ ሙሐመድ በፊት ከነበራት ባሏ የወለደችው ሂንድ ኢብን አቢ ሃላ ነው፤ የነቢዩን መልክና አረማመድ አብራርቶ በመግለጽ የሚታወቀው እሱ ነው። አስማእ የሚለው ስምም እንዲሁ ነበር። አስማእ ቢንት አቢ በክር የመጀመሪያው ኸሊፋ ልጅ ስትሆን፣ አስማእ ኢብን ሓሪሳ ደግሞ ከነቢዩ ባልደረቦች አንዱ የሆነ ወንድ ነው። ይበልጥ የሚገርመው በስምንተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የሐዲስ ዘጋቢ ጁወይሪያ ኢብን አስማእ ነው፤ የራሱም የአባቱም ስም ዛሬ ጅዳ ውስጥ የሴት ብቻ ሆኖ ይሰማል።

እነዚህን ሰዎች ጽሑፍ ላይ የሚለያቸው «ኢብን» እና «ቢንት» የሚሉት ቃላት ናቸው። ዐረቡ ለልጁ ሂንድ ወይም አስማእ ብሎ ሲያወጣ የሚያስጨንቀው ነገር አልነበረም፤ ከስሙ ቀጥሎ «የእገሌ ወንድ ልጅ» ወይም «የእገሌ ሴት ልጅ» የሚል ስለሚከተል ጾታው አይጠፋም። ሐምዛ፣ ጠልሓ፣ ኡሳማ የሚሉት የታወቁ የወንድ ስሞች እንኳ መድረሻቸው በሰዋስው የሴት ምልክት ነው። የኔ ክርክር ከዚህ ይነሣል። ስም የጋራ ሆኖ የሚቆየው ጾታን የሚናገር ሌላ ነገር ከጎኑ ሲኖር ነው። ያ ነገር በዐረብኛ አንድ ቦታ፣ በአማርኛ ሌላ ቦታ ስለሚቀመጥ፣ አገር ቤት የጋራ የነበረው ስም ቀይ ባሕርን ሲሻገር ወደ አንዱ ወገን ያዘነብላል።

በአማርኛ ጾታን የሚሸከመው በዋናነት ግሡ ነው። ስሙ ራሱ ልጁን የሚያናግር ወይም ስለ ልጁ የሚናገር ከሆነ ጾታው እዚያው ይታያል፦ ወርቅነህና ወርቅነሽ፣ ታደለና ታደለች፣ አስናቀና አስናቀች። የጋራ ስም የሚገኘው ወላጁ ስለ ራሱ ሲናገር ነው። ስንታየሁ የሚለው ስም ወላጁ ያሳለፈውን ይቆጥራል፤ ያየው ተናጋሪው ስለሆነ ልጁ ወንድ ይሁን ሴት ስሙ አይናገርም። ስለዚህም ስንታየሁ የሚባል ወንድም ሴትም አለ። ብርሃኔም ከዚሁ ወገን ነው፤ መድረሻው ላይ ያለው «የኔ» የወላጁ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2003 ፓሪስ ላይ በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ብርሃኔ አደሬ ሴት ናት፣ ብርሃኔ የሚባሉ ወንዶችም በየሰፈሩ አሉ። ልማድ ግን ሰዋስው የፈቀደውን ሁሉ አይቀበልም። እጅጋየሁ በአሠራሩ ከስንታየሁ አይለይም፤ ሆኖም ሯጯን እጅጋየሁ ዲባባንና ድምፃዊቷን እጅጋየሁ ሽባባውን የሚያውቅ አባት ይህን ስም ለወንድ ልጁ ለማውጣት ሳያመነታ አይቀርም።

እንደ ሲሳይ፣ ደስታና በረከት ያሉት ደግሞ ግሥ ያልነካቸው ስሞች ናቸው። «ሲሳይ መጣ» ወይም «ሲሳይ መጣች» እስኪባል ድረስ ሰሚው አያውቅም። እርግጥ አማርኛ በቤት ውስጥ ከዚህም በላይ ይላላል፤ ወንዱን ልጅ «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» እያለ የሚያቆላምጥ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። የጋራ ስም የሚፈልግ ወላጅ ለባህሉ እንግዳ የሆነ ነገር አልጀመረም ለማለት ነው። የሃይማኖት ስም ግን እንዲህ ያለ መላላት አያውቅም። የክርስትና ስም ወልደ ማርያምና ወለተ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴና አመተ ሥላሴ ብሎ ይለያል፤ በእስልምናም አብደላህ ለወንድ ሲሆን አመቱላህ ለሴት ነው። የአምላክ አገልጋይ በሁለቱም ዘንድ ጾታው ተለይቶ ይጠራል።

መካና ሐበሻ በሰው የተገናኙት ከጥንት ነው። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች በጅዳ አቅራቢያ ካለው ከሸዒባ ወደብ ተሳፍረው ወደ ነጃሺ አገር ተሻገሩ፤ ከስደተኞቹ የአንዱ የጀዕፈር ሚስት አስማእ ቢንት ዑመይስም ልጇን ዐብዱላህን የወለደችው በሐበሻ ምድር ነው። ከዚያም በፊት ነቢዩን በሕፃንነታቸው የተንከባከበችው ሐበሻዊት ኡሙ አይመን ስሟ በረካ ነበር። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። በረካ መካ ውስጥ የሴት ስም ሆኖ ተመዘገበ። ከዚያው ሥር የወጣው የኛ በረከት የጋራ ቢሆንም በብዛት ወንድ ይጠራበታል። ይህንኑ በረከት ዛሬ ጅዳ ወስደን በዐረብኛ ስንጽፈው «በረካት» ወደሚለው ይቀርባል፤ በረካት ደግሞ በአሥራ አምስተኛውና በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን መካን የገዙ ሸሪፎች የተጠሩበት የወንድ ስም ነው። በረከት ብለው ሴት ልጃቸውን የሰየሙ ወላጆች ክሊኒክ ተራ ሲጠብቁ ነርሷ ዐይኗን አባትየው ወዳቀፈው ወንድ ልጅ ብትወረውር ሊደነቁ አይገባም።

ሌሎችም ስሞች በዚሁ ሚዛን ይወጣሉ ይወርዳሉ። ብርሃን በዐረብ ጆሮ ቡርሃን ይሆናል፤ ያለቀለት የወንድ ስም ነው። ሰላም ከዚህ በተቃራኒ ይሄዳል። አገር ቤት በብዛት ለሴት የሚወጣው ይህ ስም በዐረብኛ ለወንድም ይሆናል፤ የፍልስጤም ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሰላም ፈያድ ለዚህ ምስክር ናቸው። ፍቅር የሚለውን ግን እኔ አልመክርም። ሦስቱ ፊደላቱ በዐረብኛ ሲነበቡ ድህነት ማለት ይሆናሉ፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ልጁን ምን እንደሚጠብቀው መገመት አያቅትም።

መካ በተለይ ነገሩን ያወሳስበዋል፤ ከዓለም ሁሉ የመጣ ሰው ስም በአንድ አደባባይ ይጠራባታልና። ኢክራም በወሎና በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ዘንድ የሴት ስም ነው፤ የፓኪስታኑ ሐጃጅ ኢክራም ግን ጢማም አዛውንት ሊሆን ይችላል። ኢማን ለዐረብ ሴት፣ ለኢንዶኔዥያዊ ወንድ ነው።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የልጁን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ያስቀምጣል እንጂ «ኢብን» ወይም «ቢንት» የሚል ነገር አያስገባም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ድንጋጌው በተግባር ሳይውል ቀርቶ ዛሬም ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው። በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ጅዳ የተወለደ ልጅ መጀመሪያ የሳዑዲውን የልደት ምስክር ወረቀት ያገኛል፤ ወላጆቹ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ከሌላቸው ይህም ይቸግራል። ስሙ በሆስፒታሉ ወረቀት በዐረብኛ ይጻፋል፣ ወደ ላቲን ፊደል ይዞራል፣ ከዚያ በቆንስላው በኩል ወደ አማርኛ ይመለሳል። በዚህ መንገድ ላይ አማርኛው ግሡን፣ ዐረብኛው «ኢብን» እና «ቢንት»ን ሊያጣ ይችላል። የጾታው ሸክም በሙሉ የሚወድቀው ወረቀቱ ላይ ባለችው አንዲት ሳጥን ላይ ነው፤ እሷን በስህተት የሞላ ጸሐፊ ሊያርመው የሚችል ምልክት ስሙ ውስጥ አያገኝም። የጋራ ስም የመረጠ ወላጅ ያችን ሳጥን ከቢሮው ሳይወጣ ቢያያት ይበጀዋል።

የአገሩ ሕግም የራሱ ምርጫ አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 የሳዑዲ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ለልጆች እንዳይወጡ ከልክሏቸዋል ተብለው ከተዘገቡት 50 ያህል ስሞች መካከል ሊንዳና ማያ፣ እንዲሁም መላክ ይገኙበታል። መላክ ግብጽ ውስጥ ለሴትም ለኮፕት ወንድም የሚወጣ ስም ነው። የክልከላው ምክንያት ሃይማኖትና ባዕድነት እንጂ የጾታ መደባለቅ አልነበረም፤ በእስልምና የስም ሥርዓትም ዋናው መመዘኛ ትርጉሙ ነው። ነቢዩ በራ የተባለችን ሴት ዘይነብ ብለው የሰየሙት ስሙ ራስን እንደ ማጽደቅ ስለሚሰማ ነበር።

የጋራ ስም በጊዜ ብዛትም ያዘነብላል፣ ያውም በአብዛኛው ወደ ሴት። ሂንድ፣ አስማእና ጁወይሪያ ወንድ ተሸካሚዎቻቸውን አጥተዋል። በእንግሊዝ ኤቭሊን የሚለው ስም ይኸው ደርሶበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1930 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ዘውድ መጫን ሊዘግብ አዲስ አበባ የመጣው ጸሐፊ ኤቭሊን ዎ የመጀመሪያ ሚስቱም ኤቭሊን ስለነበረች ወዳጆቻቸው ወንዱና ሴቷ ኤቭሊን እያሉ ይለዩአቸው ነበር። ዛሬ ኤቭሊን ሲባል ወንድ የሚመጣበት እንግሊዛዊ ጥቂት ነው።

ከዚህ ሁሉ ተርፎ የሚቆመው በእኔ ግምት ኑር ነው። ሐረርን በግንብ ያጠራትና እ.ኤ.አ. በ1567 የሞተው አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ወንድ ነው፤ የዮርዳኖስ ንግሥት የነበረችው ኑር ሴት ናት። በሂጃዝ ኑር ለወንድ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ከሙሐመድ ጋር ተጣምሮ ነው፤ የጅዳው ክለብ የኢትሓድ አምበል የነበረው የመካ ልጅ ሙሐመድ ኑር በዚህ መንገድ ተሰይሟል። ኢትዮጵያ ውስጥም ስሙ ለወንድ ኑሩ፣ ለሴት ኑሪያ ሆኖ ይከፈላል፤ ብቻውን ሲቆም ደግሞ ኑር ሑሴንንና ኑረዲንን ስለሚያስታውስ ወደ ወንድ ያደላል። ጅዳ ላይ ብቻውን ሲቆም ግን በይበልጥ የሴት ልጅ ስም ሆኖ ይሰማል። ኑር የጋራ የሆነው በሁለቱ አገሮች መካከል ነው፤ በአንዳቸው ብቻ የሚኖር ቤተሰብ ልጁን ኑር ቢል የሚያገኘው ስም ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ነው።