የየካቲት 66 ቤንዚንና የመጪው ዘመን ባትሪ

የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሰኞ ጠዋት የአዲስ አበባ ታክሲዎች ቆሙ። መንግሥት የቤንዚንን ዋጋ በአንድ ጊዜ በግማሽ ያህል ከፍ አድርጎት ነበርና ነጂዎቹ ጭማሪውን ከኪሳችን አንሸፍንም አሉ። በዚያው ቀን መምህራን የራሳቸውን ጥያቄ አንግበው ሥራ በማቆማቸው፣ ተማሪዎችም አደባባይ በመውጣታቸው ከተማዪቱ ታወከች። ከአምስት ቀን በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ የቤንዚኑ ዋጋ ዝቅ እንዲል ቢፈቅዱም ነገሩ ከቤንዚን አልፎ ሄዶ ነበር። ወሩ ሳይወጣ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ በሮልስ ሮይስ ሲሄዱ የኖሩት ንጉሠ ነገሥት ከቤተ መንግሥታቸው በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን ተወሰዱ።

አብዮቱን የቤንዚን ዋጋ ብቻውን ወለደው የምል የዋህ አይደለሁም። የወሎ ረሃብ ነበረ፤ የመሬት ለአራሹ ጥያቄ ነበረ፤ በጥር ወር ያመፀው የነገሌ ጦር ነበረ። ሆኖም ጭዱ ከደረቀ በኋላ ክብሪት ከጫሩት እጆች አንዱ ከሩቅ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1973 በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ሳቢያ የዓረብ ነዳጅ አምራቾች ማዕቀብ ጣሉ፤ ሦስት ዶላር ገደማ የነበረው የአንድ በርሜል ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አሥራ ሁለት ዶላር ተጠጋ። ኩዌት ላይ የተቆረጠ ዋጋ በአራት ወር ውስጥ ፒያሳ ላይ ታክሲ አቆመ።

ይህን አሮጌ ታሪክ ያነሣሁት ስለ መጪው ዘመን መኪና ለመጻፍ ነው። በዚህ ርእስ የሚወጡ ጽሑፎች አብዛኞቹ የሚያወሩት ያለ ነጂ ስለሚሄድ መኪና፣ ስለ መስታወቱና ስለ ስክሪኑ ነው። ውድ አንባቢዬ፣ እነዚህን ለሻጮቹ እንተዋቸው። የመኪና ታሪክ ሁልጊዜም የሚጠጣው ነገር ታሪክ ነው፤ ማን ይቀዳለታል፣ በስንት፣ በማን ገንዘብ? የነገውም ታሪክ ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም።

ብዙ ሰው የኤሌክትሪክ መኪና የዛሬ ፈጠራ ይመስለዋል፤ ከቤንዚን መኪና ተሸንፎ የሄደ ሽማግሌ መሆኑን የሚያውቀው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 በአሜሪካ ከተሠሩት 4,192 መኪኖች መካከል 1,681 በእንፋሎት፣ 1,575 በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ሲሆኑ፣ ቤንዚን የሚጠጡት 936 ብቻ ነበሩ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ያለፈው የመጀመሪያው መኪናም የቤልጅጉ ካሚይ ዠናትዚ በፓሪስ አቅራቢያ የነዳው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። የሄንሪ ፎርድ ባለቤት ወይዘሮ ክላራ እንኳ ባሏ የሚሠራውን ቲ ሞዴል ትታ ዲትሮይት ኤሌክትሪክ የተባለውን ትነዳ ነበር። ምክንያት ነበራት፤ የቤንዚኑ መኪና ይጮኻል፣ ይሸታል፣ ሲነሣ ደግሞ ከፊት በኩል በእጅ በሚዞር ብረት ነው፤ ብረቱ ተመልሶ የሰው እጅ የሚሰብርበት ጊዜም ነበር።

ታዲያ ባትሪው ስለ ምን ተሸነፈ? እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1901 ቴክሳስ ውስጥ ስፒንድልቶፕ ከተባለ ኮረብታ ነዳጅ እንደ ምንጭ ፈነዳ፤ ቤንዚን ርካሽ ሆነ። በ1912 ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው ሞተር ማስነሻ በካዲላክ ላይ ተገጠመና ያ እጅ ሰባሪ ብረት ተሻረ። ፎርድ በ1913 መገጣጠሚያውን በሰንሰለት አስኬደው፤ መጀመሪያ 850 ዶላር የነበረው ቲ ሞዴል ቆይቶ ከሦስት መቶ ዶላር በታች ወረደ። እነዚህን ሦስቱን ብዙ መጻሕፍት ይዘረዝራሉ። እኔ ግን አራተኛውን አስበልጣለሁ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከከተማ አልወጣም ነበር። በ1930ዎቹ አጋማሽ እንኳ ከአሥር የአሜሪካ ገበሬዎች የዘጠኙ ቤት መብራት አልነበረውም። ቤንዚን ግን በቆርቆሮ ተሞልቶ በበቅሎ ጀርባም ይሄዳል። ባትሪውን ያሸነፈው የቤንዚኑ ሞተር ብልጫ ብቻ ሳይሆን ሽቦ ያልደረሰበት ገጠር ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ አገራችን ስመጣ እመለስበታለሁ።

ባትሪው ከመቃብር የተነሣው በዚያው እኛን ባናወጠን የ1973 ቀውስ ነው። የሊቲየም ባትሪን መሠረት የጣለው ስታንሊ ዊቲንግሃም ጥናቱን ያካሄደው በነዳጁ ኩባንያ በኤክሶን ቤተ ሙከራ ውስጥ ነበር፤ ነዳጅ ሻጩ ነዳጅ ያለቀ ዕለት ምን እሸጣለሁ ብሎ ሰግቶ ነበርና። ዋጋው ሲረጋጋ ኩባንያው ነገሩን ተወው። ዊቲንግሃም ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት የተቀበለው በ2019 ነው። የጃፓኑ ሶኒ በ1991 ባትሪውን ለገበያ ሲያቀርብም የታሰበው ለቪዲዮ ካሜራ እንጂ ለመኪና አልነበረም። ጄኔራል ሞተርስ በበኩሉ የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት ባወጣው ደንብ ተገፋፍቶ በ1996 ኢቪ1 የተባለ መልካም የኤሌክትሪክ መኪና አወጣ፤ ደንቡ ሲላላ መኪኖቹን ከተከራዮቹ ሰብስቦ አብዛኞቹን ጨፈለቃቸው። ዲትሮይት የወደፊቱን ዘመን በእጁ ይዞት ነበር፤ በገዛ እጁ ቆርቆሮ አደረገው።

የጨፈለቁትን ያነሣችው ቻይና ናት። ዋን ጋንግ የሚባል በጀርመን የተማረና በአውዲ ኩባንያ የሠራ መሐንዲስ ወደ አገሩ ተመልሶ ለመሪዎቹ ያቀረበው ሐሳብ በጣም ቀላል ነበር። በቤንዚን ሞተር ጀርመንንና ጃፓንን ልንደርስባቸው አንችልም፤ እነሱ መቶ ዓመት ቀድመውናል፤ በባትሪው ግን ሁሉም ጀማሪ ነው የሚል። በ2007 የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር ሆነ። መንግሥት ድጎማ አፈሰሰ፤ ከተሞች የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ገዙ፤ የሼንዠን ከተማ ብቻዋን እስከ 2017 መጨረሻ ከአሥራ ስድስት ሺሕ የሚበልጡ አውቶቡሶቿን በሙሉ ወደ ኤሌክትሪክ አዛወረች። በዚያችው ከተማ በ1995 የስልክ ባትሪ በመሥራት የተነሣው ቢዋይዲ መኪና መሥራት የጀመረው በ2003 ነው። ዛሬ ከዓለም ታላላቅ መኪና ሠሪዎች አንዱ ነው። በ2010 ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ከ1,000 ዶላር በላይ ያወጣ የነበረው ባትሪ በ2024 ወደ 115 ዶላር ወረደ። በዚያ ዓመት በዓለም ከተሸጡት አምስት አዳዲስ መኪኖች አንዱ ኤሌክትሪክ የሚጠጣ ነበር፤ ከእነዚህም ውስጥ አብዛኞቹ የተሸጡት ቻይና ውስጥ ነው። ቻይና በ2023 ጃፓንን ቀድማ በመኪና ላኪነት የዓለም አንደኛ ሆነች።

ለአርባ ዓመት «መንግሥት ከገበያ እጁን ያውጣ» እያሉ ሲሰብኩን የኖሩት ምን አደረጉ? አሜሪካ በ2024 በቻይና የኤሌክትሪክ መኪና ላይ የመቶ በመቶ ቀረጥ ጣለች፤ አውሮፓም ከመደበኛው ቀረጥ በላይ እስከ 35 በመቶ የሚደርስ ጨመረች። አልፈርድባቸውም፤ የሠራተኞቻቸው እንጀራ ነው። ስብከቱን ግን ከእንግዲህ ባያሰሙን መልካም ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ለእኛ መኪና ሁልጊዜ ከላይ የመጣ ነገር ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ እንግሊዛዊው ቤንትሊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል በብዙ መከራ ከባሕር ጠረፍ አዲስ አበባ አድርሶ ለዐፄ ምኒልክ ሲያስረክብ ማደያ ቀርቶ መንገድም አልነበረም። መንገዱ በኋላ መጣ፤ ማደያውም መጣ። በሶቪየት ርዳታ የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ በ1997 እ.ኤ.አ. ተዘጋ፤ የቀረን ተጣርቶ የተገዛውን ነዳጅ በጅቡቲ በኩል በቦቴ ማስገባት ነው። ይህ ነዳጅ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይወስዳል፤ የቡና ገበሬው ላብ በሌላ በኩል በጭስ ማውጫ ይወጣል።

መንግሥት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው የኤክሳይስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ግብር ጣለ፤ በ2022 የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከኤክሳይስ፣ ከሱር ታክስና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ አደረገ፤ በ2024 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገባ ተናገሩ። በዓለም እንዲህ ያለ እገዳ ያወጣ ሌላ አገር አልነበረም። ኖርዌይ እንኳ እንደዚህ አላደረገችም፤ በግብር ገፋች እንጂ።

የዚህ እገዳ ምክንያት ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ከሰማይ የወረደ ውኃ ዶላር አይጠይቅም። ደግሞም በባትሪና በቤንዚን ጥገኝነት መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ባትሪውንም የምንገዛው ከባዕድ ነው፤ ነገር ግን ቤንዚን ሻጭ እጁን ቢሰበስብ መኪናህ በሳምንቱ ይቆማል፤ ባትሪ ሻጭ ቢያኮርፍህ ያለህን ባትሪ ለዓመታት ትነዳበታለህ። ኩዌት ላይ በተቆረጠ ዋጋ ፒያሳ ላይ ታክሲ የሚቆምበት ዘመን ቢያልፍ የማይወድ ማን ነው?

ቅሬታዬ በአደራረጉ ነው። የአገሪቱን መጓጓዣ ከሥር የሚለውጥ ጉዳይ ባለሙያው፣ ነጋዴውና ነጂው በአደባባይ ሳይከራከርበት ከአንድ ሚኒስትር ገለጻ ተሰማ። በምኒልክ ዘመን ይህ ወግ ነበር፤ ዛሬ ግን መሆን አልነበረበትም። ደግሞም ጭነቱ በማን ላይ እንደሚያርፍ እንመልከት። መኪና መግዛት የሚችለው ሰው ግቢው ውስጥ ሶኬት አለው፤ ማታ ሰክቶ ይተኛል። በእናቱ ስም ተበድሮ ሚኒባስ የገዛው ልጅ የት ይሰካል? ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር በመደረጉ የአዲስ መኪና ዋጋ ከደመወዝተኛው ዓይን ርቋል። ሶማሌ ተራ ውስጥ ካንዴላና ፍሪሲዮን ሲሸጥ ያረጀው ነጋዴ፣ ሞተር በማውረድ ልጆቹን ያስተማረው መካኒክ ነገ ምን ይሠራል? የኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ቀድሞው አይበላሽም፤ ሲበላሽም በመፍቻ ሳይሆን በኮምፒዩተር ነው የሚከፈተው፤ የኮምፒዩተሩ ቁልፍ ደግሞ ሼንዠን ነው ያለው።

አንባቢ ይያዝልኝ ያልሁት ነጥብ እነሆ። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ዛሬም መብራት አያውቅም። ከመቶ ዓመት በፊት በአሜሪካ ባትሪውን ያሸነፈው ሽቦ አልባ ገጠር አሁን እኛ ዘንድ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጎሬ፣ ከጎንደር ወደ መተማ የሚሄድ ሰው መሀል ላይ የት ይሞላል? ግድቡ ኃይል አለው፤ ኃይሉን ወደ ወረዳ የሚያደርሰው ሽቦና ትራንስፎርመር ግን ራሱ ዶላር ነው። ሊቲየም በጉጂ ቀንጢቻ ከምድራችን ውስጥ አለ፤ ዲንጋዩን ጭነን ልከን ባትሪውን መልሰን የምንገዛ ከሆነ ግን የቡናው ታሪክ በሌላ ስም ተደገመ ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ ሌላ ነው። ቤንዚን ሲወደድ መንግሥት «የዓለም ገበያ ነው» ይላል፤ እውነትም አለው። መብራቱን የሚሸጠው ግን ራሱ መንግሥት ነው፤ ሻጩ አንድ፣ ዋጋ ቆራጩም እሱው። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት በየጊዜው እንዲጨምር ተወስኗል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ በኪሣራ የሚሸጥ ድርጅት ሽቦ አይዘረጋም። ነገር ግን ታክሲው ሁሉ ከአንድ ሶኬት የሚጠጣ ሲሆን የዋጋው ጉዳይ የኢንጂነር ጉዳይ ብቻ መሆኑ ያበቃል።

ባለፈው ሰሞን በአንዲት ያረጀች ላዳ ተሳፍሬ ነበር። ነጂው ጠጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው፤ በየካቲቱ አድማ ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እንደ ነበሩና አባታቸው ታክሲያቸውን ግቢ አቁመው እንደ ዋሉ አጫወቱኝ። «አባባ፣ ኤሌክትሪክ ይገዛሉ?» አልኋቸው። ሳቅ አሉና፣ «ልጄ፣ መግዛቱንስ ልጆቼ ያግዙኛል፤ ቤንዚን ሲጠፋ ግን ከጎረቤት በጀሪካን እበደራለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ከማን ልበደር?» አሉኝ። መልስ ሳልሰጣቸው አራት ኪሎ ደረስን፤ ሒሳቤን ከፍዬ ወረድሁ።