ከውጭ የተላከ የኢንሱሊን ፓምፕ፦ ከመግጠማችሁ በፊት

ሻሸመኔ ውስጥ ውጭ ሀገር ዘመድ ያለው ቤተሰብ ብዙ ነው። ከሻንጣው ጫማና ልብስ ብቻ ሳይሆን አንዳንዴ የህክምና ዕቃም ይወጣል። ዛሬ የምናወራው ዓይነት 1 የስኳር ህመም ላለበት ሰው ስለሚመጡ ሁለት ዕቃዎች ነው፤ ስለ ፓምፕና ስለ ሴንሰር። እዚህ አብዛኛው ሰው ኢንሱሊኑን ከብልቃጥ በመርፌ እየቀዳ ስለሚወጋ ዕቃዎቹን የሚያውቀው ከቪዲዮ ነው።

ሴንሰሩ ክንድ ላይ ይለጠፋል፣ ስኳሩንም በየጥቂት ደቂቃው ወደ ስልክ ይልካል። የሚለካው ግን ደሙን ሳይሆን ከቆዳ ስር ያለውን ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ስኳር በፍጥነት ሲወርድ በደቂቃዎች ወደኋላ ይቀራል። ሰውየው እያላበውና እየተንቀጠቀጠ ስልኩ 110 ካለ፣ ስልኩን ተዉትና ጣቱን ወግታችሁ ለኩ። ከ70 በታች ከሆነ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ አጠጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ ለኩ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትስጡ፣ በፍጥነት ሆስፒታል።

ፓምፑ በቀጭን ቱቦ ፈጣን ኢንሱሊን በጥቂት በጥቂቱ ቀኑን ሙሉ ያስገባል። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀደው ሚኒሜድ 670ጂ ወዲህ ከሴንሰር ጋር እየተናበቡ መጠኑን በከፊል ራሳቸው የሚያስተካክሉ መጥተዋል። ቢሆንም ማሽኑ ስንት እንጀራ እንደበላችሁ አያውቅም፤ ቆጥሮ የሚነግረው ባለቤቱ ነው።

አደጋው እዚህ ጋ ነው። ፓምፕ የሚጠቀም ሰው ሰውነት ውስጥ ለረጅም ሰዓት የሚሠራ ኢንሱሊን የለም። ቱቦው ከታጠፈ ወይም ከተነቀለ በሰዓታት ውስጥ ደሙ በአሲድ ሊመረዝ ይችላል፦ ከባድ ጥማት፣ ማስታወክ፣ የሆድ ህመም። ይሄ ቀጠሮ የሚጠበቅለት ነገር አይደለም። ለዚህ ነው መርፌና ብልቃጥ ሁሌም ቤት መኖር ያለባቸው።

ሂሳቡንም እንሥራው። ቆዳ ላይ የሚተከለው ጫፍ በየ2 ወይም 3 ቀኑ ይቀየራል፤ በወር ከ10 እስከ 15 ማለት ነው። ሴንሰሩ እንደ ዓይነቱ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቀን ቢቆይ ነው። ዘመድ አንድ ካርቶን ልኮ ዝም ካለ፣ ፓምፑ ሁለተኛው ወር ላይ ጌጥ ይሆናል። የሚሞላው ደግሞ ጥርት ያለው ፈጣን ኢንሱሊን ብቻ ነው፤ ደፍረስ የሚለውን ወይም ቅልቅሉን በፍጹም እንዳትሞሉ። ያገለገለ ፓምፕ ከሆነ የቀድሞ ባለቤቱ መጠን ውስጡ ተቀምጦ ይሆናል፤ ሐኪም ሳያስተካክለው አይገጠም።

ሙቀትም አለ። ከሻሸመኔ ወደ ባቱና አዳማ ስትወርዱ ኢንሱሊኑን ከአውቶብስ ጣሪያ ሻንጣ ጋር እንዳትጭኑ፣ ከእጃችሁ አይለይ። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ በረዶ የሠራ ይጣላል። ፍሪጅ የሌለው ቤት ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አድርጎ፣ መሃሉን እርጥብ አሸዋ ሞልቶ ጥላ ውስጥ ያስቀምጥ።

ዘመድ "ምን ልላክ?" ካላችሁ የኛ መልስ፦ መጀመሪያ የጣት መለኪያ ስትሪፕ በብዛት፣ ቀጥሎ ሴንሰር። ፓምፑ የሚመጣው የሚከታተል ሐኪም ከተገኘና የዓመት ዕቃው ከተረጋገጠ በኋላ ነው።