የሸማኔዎቹ ሥዕል

በአውሮፓ የሥዕል ትምህርት ቤቶች ለብዙ ዘመን ትልቅ ሥዕል የሚባለው የንጉሥ፣ የቅዱሳን ወይም የጦርነት ሥዕል ነበር። ገበያውን፣ ጓዳውን፣ የገበሬውን ማዕድ የሚያሳየው የዕለት ኑሮ ሥዕል ግን ከሳሎን ጌጥ አያልፍም ተብሎ ይናቅ ነበር። ጀርመናዊው ካርል ቪልሄልም ሁብነር ለዚህ ንቀት በአንድ ሸራ መልስ ሰጠ።

ሁብነር በ1814 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በፕሩሲያ፣ በኬኒግስበርግ ከተማ ተወለደ፤ በዱሰልዶርፍ አካዳሚም ተማረ። «የሲሌዢያ ሸማኔዎች» የተባለውን ሥዕል የሠራው በ1844 ነው።

እስቲ ሥዕሉን እንመልከት። ሸማኔዎች እቤታቸው የሠሩትን የተልባ እግር ጨርቅ ይዘው ከነጋዴው ዘንድ ቀርበዋል። ጌታው ጨርቁን በንቀት ይመልሳል። አንዲት እናት ተዝለፍልፋ ወድቃለች፤ ልጆቿ ከበዋታል። ወደ ኋላ ደግሞ ሁለት ወጣቶች እየወጡ ነው፤ አንደኛው ጡጫውን ጨብጧል።

ወታደር የለም፣ ሰይፍ የለም፣ ደም የለም። ቁም ነገሩም እዚህ ላይ ነው። ለድኻ ማልቀስማ ማንም ያለቅሳል! ሁብነር ግን ድኽነቱ የት እንደሚሠራ አሳየ፤ ሸማኔው የሚራበው ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን የድካሙን ዋጋ የሚቆርጠው ሌላ ሰው ስለሆነ ነው።

በዚያው ዓመት በጁን ወር በፔተርስቫልዳውና በላንገንቢላው ሸማኔዎች ተነሡ፤ የጌቶቹን ቤት ሰባበሩ። የፕሩሲያ ጦር ተኩሶ 11 ሰው ገደለ። ሥዕሉ በልዩ ልዩ የጀርመን ከተሞች ታየ። ፍሪድሪክ ኤንግልስም በዓመቱ መጨረሻ ለእንግሊዝ ጋዜጣ ሲጽፍ ከመቶ በራሪ ጽሑፍ የበለጠ እንደ ቀሰቀሰ መሰከረለት።

ሁብነር ቀጥሎ ስለ አደን ሕግና ስለ ስደተኞች ሣለ። ከ1848ቱ አብዮት ወዲህ ግን ብሩሹ እየለዘበ ሄደ፤ በ1864 የፕሮፌሰርነት ማዕረግ አገኘ፤ በ1879 ዱሰልዶርፍ ላይ ሞተ። አንዳንዱ በዚህ ይወቅሰው ይሆናል። ታዲያ አንድ ነገር አንርሳ፤ ያ ሥዕል ያለቀው ከአመፁ በፊት ነው። ስለዚህ ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ «የሸማኔውን ችግር መች አወቅን?» የሚል ሹም ቢኖር፣ ሸራው ራሱ ይመሰክርበታል።